የጋቢናው ሆድ

እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ። የጭነት መኪናዎች ማደሪያ ግቢ ውስጥ፣ በመለዋወጫ ሱቆቹ መደዳ፣ ጫኝና አውራጆቹ ዘንድ፣ የሻይ ቤቷ ሴትዮም ሳትቀር «ቦታአለ» ነበር የሚሉት። ስሙ የወጣለት ከራሱ አፍ ነው። ሞልቶ የተትረፈረፈ መኪና ሲያይ፣ ሹፌሩ ሸራውን አልብሶ፣ ገመዱን አጥብቆ፣ ሞተር ሊያስነሳ ሲል፣ እሱ እጆቹን ኪሱ ከትቶ ዙሪያውን ይዞርና «ቦታ አለ» ይላል። ሹፌሩ ይሳደባል፤ እሱ ይስቃል። ከዚያ ሸራው ይገለጣል፣ ጥቂት ጆንያ ወደ ግራ ይገፋል፣ የተኛው ሳጥን ይቆማል፤ በመሃል የጭነት መኪና ራዲያተር ልክክ አድርጎ የሚይዝ ክፍተት ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ብቅ ይላል።

ያ ግቢ ዛሬ የለም። ሕንጻ ቆሞበታል፤ ናፍጣ የጠጣውን አፈር ቆፍረው ወስደው በላዩ ሴራሚክ አንጥፈውበታል። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ግን የግሪስ ሽታ ይመጣብኛል፤ ከሽታው ጋር የቦታአለ ታሪክ። ማን ያውራ የነበረ ይባላል፤ እኔ የሰማሁት ከነበሩት ነው።

ሥራው እንዲህ ነበር። ከድንበሩ ማዶ ያረጁ የጭነት መኪናዎች ተፈታተው የሚሸጡበት ሰፊ ሜዳ አለ። ሞተር እንደ ሐብሐብ ተደርድሮ፣ ጋቢና በጋቢና ላይ ተነባብሮ። ዕቃው ርካሽ ነው፤ ውድ የሚሆነው መንገዱ ነው። አንድ ጋቢና ለብቻው መኪና ተከራይቶለት ድንበር ልሻገር ካለ፣ ኪራዩ ከራሱ ከጋቢናው ዋጋ ይበልጣል። ትልቅ ዕቃ ደግሞ እንደ ኩሩ ሰው ነው፤ አይታጠፍም፣ አይጠቀለልም፣ ጠጋ በል ሲሉት አይጠጋም። ቦታአለ እንግዲህ ባዶውን የሚመለስ መኪና ያነፈንፋል። ጣውላ አራግፎ የሚመጣውን ያውቃል፤ ቀላል ግን ሰፊ ዕቃ የሚጭነውንም ያውቃል፤ ኬላ ላይ የትኛው ሚዛን መሃሉ የከበደ መኪና እንደማይወድም ያውቃል። ረጅሙን የባሊስትራ ብረት ከቧንቧ ጋር ያስተኛዋል፤ ሞተሩን ሳሙና ከጫነ መኪና ወለል ላይ ያስቀምጠዋል፤ የማይተዋወቁ ገዢዎችን በአንድ ኪራይ ያስተዋውቃል። «ባዶ ቦታ እኮ ያልታጨች ልጅ ናት፤ አይቶ መጠየቅ ነው» ይል ነበር።

በዚህ ሥራ አንድ የታወቀ ሕግ አለ። የጋቢና ባዶ ውስጡ «ሆድ» ይባላል። ጋቢና ድንበር ሲሻገር ሆዱን ባዶ አያሻግሩትም፤ መስታወት፣ ወንበር፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ራዲያተር ይገባበታል። ሆዱ ግን የጋቢናው ባለቤት ንብረት ነው። ባለቤቱ ሳያውቅ ምንም አይገባበትም፤ የገባው ዕቃ የሚከፍለውም ለባለቤቱ ከኪራዩ ላይ ይቀነስለታል። ሌላም አለ፤ ሆድ ውስጥ ከባድ ብረት አይገባም። ጋቢና ሰው የሚቀመጥበት ቀጭን ቆርቆሮ እንጂ የጭነት አልጋ አይደለም። ይህን ለአዲስ ደላሎች ሁሉ የሚያስተምረው ቦታአለ ራሱ ነበር። «ሆድ ለስላሳ ነው የሚወደው» ይላቸው ነበር።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ።

ጋሼ የቦታአለ ሚስት ታላቅ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን መሪ ጨብጠው የጨረሱ፣ ትከሻቸው ወደ ፊት ጎበጥ ያለ፣ ሲናገሩም እንደሚነዱት በቀስታ፣ ከመታጠፋቸው በፊት ምልክት የሚያሳዩ ሰው ነበሩ። ቦታአለ እህታቸውን ላግባ ባለ ጊዜ ገና ጫኝና አውራጅ ነበር። ዘመዶቿ አፍንጫቸውን ነፉ። ጀርባውን ከማከራየት በቀር ምን አለው አሉ። ጋሼ ግን «ዕቃ መሰላችሁ እንዴ በሚዛን የምታዩት? ሰው ነው» አሉና ነገሩ በዚያው አለቀ። ይህን ቃል ቦታአለ አልረሳውም። አንዳንድ ውለታ ይቆረቁራል፤ ሰውየው እስኪከፍለው ድረስ ሲተኛም ሲነሳም ከጎኑ አይጠፋም።

ከዚያ የጋሼ መኪና ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ጋሼ በትንሽ ጭረት ተረፉ፤ ጋቢናው ግን እንደተረገጠ ጣሳ ሆነ። አንዱ ፍሬን ነው አለ፤ ሌላው እንቅልፍ ነው አለ። ጋሼ ራሳቸው «አላስታውስም» አሉ፤ የጎዳቸውም ይህ መልስ ነው። አላስታውስም የሚል ሹፌር ተኝቶ ነበር ማለት ነው ብሎ ግቢው ፈረደ። ጋሼም በልባቸው እንደዚያው ፈረዱ መሰለኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀና ብለው አይናገሩም ነበር።

ዘመድና ጎረቤት «እንኳን ነፍስዎን አተረፈው» ሊል ቤታቸው ተሰበሰበ። ጠባብ ሳሎን ናት፤ ግድግዳው ላይ የመኪናው ፎቶግራፍ ከልጆቻቸው ፎቶግራፍ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል። ሰው እስከ በሩ ድረስ በፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል። አንዱ አጎት ወሬ ሲያልቅበት፣ ስለ መኪናው ጠየቀ። ጋሼ ጉልበታቸውን እያዩ፣ ጋቢናው ማዶ እንደማይጠፋ፣ ችግሩ ማምጫው እንደሆነ፣ የእሳቸው አቅም ደግሞ ለአንዱ እንጂ ለሁለቱም እንደማይበቃ ነገሩት።

ቦታአለ ሻይ ይዞ ጥግ ላይ ቆሞ ነበር። ከአፉ እንዴት እንደወጣ አያውቀውም።

«ማምጫውን ለእኔ ይተዉት ጋሼ። በነጻ ነው የማመጣልዎ» አለ።

አጎትየው ዞሮ አየው፤ አፍንጫቸውን ነፍተው የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩት። ሚስቱ ትሪ እንደያዘች ቆመች። ፊቷ ላይ የነበረውን ነገር፣ ያን ብርሃን፣ ቦታአለ ከዚያ በፊት አይቶት አያውቅም። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል። እሱም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለቃሉ ባሪያ ሆነ።

ማዶ ተሻግሮ ጋቢናውን መረጠ። ሻጩ አንድ ጆሮው የማይሰማ፣ ሌላውም የደከመ ሽማግሌ ነበር። የጋቢናውን በሮች አንድ በአንድ እየከፈተ ዘጋቸው። በዘጋ ቁጥር መዳፉን ቆርቆሮው ላይ አሳርፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ የቦታአለን እጅ ይዞ እዚያው ላይ አስቀመጠና በረዳቱ በኩል ያለውን በር ዘጋው። ጠቅ። ያቺ ጠቅታ ከመዳፉ እስከ ክርኑ ተሰማችው። «በጆሮ አትመነው፤ በር በእጅ ነው የሚሰማ» አለው ሽማግሌው። ሲለያዩም አንድ የጎን መስታወት መርቆ ሰጠው።

የሚመለስ መኪናም ተገኘ፤ ጋቢናውን የሚያሳርፍ ቦታም ነበረው። ሹፌሩ ግን የሰው ወንድም ነው ብሎ በነጻ አይጭንም። ቦታአለ ከራሱ ሊከፍል አሰበና ኪሱን አየው፤ ኪሱም አየው። በዚያው ሰሞን አንድ የጠጠር ነጋዴ ዲፈረንሻል ገዝቶ የሚጭንለት አጥቶ ሜዳው ላይ ይለማመጥ ነበር። ዲፈረንሻል ማለት የኋላውን ጎማ የሚያዞረው ያ ድብልብል ብረት ነው፤ ለማንሳት ጎረምሶች ይማማሉበታል። ሹፌሮቹ ሁሉ ወለሌን ይሰብራል ብለው እምቢ ብለውታል። ነጋዴው ሆዱን ካገኘ የጋቢናውንም የዲፈረንሻሉንም ኪራይ ልቻል አለ።

አንድ ስልክ ነበር የሚያስፈልገው። ጋሼ፣ ሆዱን ይስጡኝ፣ ማለት ብቻ። ግን ይህን ካለ ስጦታው ስጦታ መሆኑ ይቀራል። ኪራዩን የከፈለው የጋሼ የራሳቸው ሆድ ይሆናል። ያ ሳሎን፣ ያ አጎት፣ ያ የሚስቱ ፊት ትዝ አለው። ስለዚህ ሳይነግር፣ የሰውየውን ከሰውየው ኪስ አውጥቶ ለሰውየው ሊሰጥ ወሰነ። ዲፈረንሻሉን ሆዱ ውስጥ አስገባ። በሽብልቅ ደገፈው፣ አለኝ በሚለው አዲስ ገመድ ከወንበሩ እግር ጋር ጠፍንጎ አሰረው፤ ጎትቶ ሞከረው። አልተነቃነቀም። መንገዱ ግን ከቦታአለ ክንድ ይበረታል።

መኪናው በሚገባበት ማለዳ ግቢው በር ላይ ቆሞ ጠበቀው፤ ጋሼ ከመምጣታቸው በፊት ሆዱን ባዶ ማድረግ ነበረበት። ሸራው ሲገለጥ ጋቢናው አማረበት። ቀለሙ እንኳ አልተጫረም። በሩን ከፍቶ ሲያይ ግን ገመዱ ላልቷል፤ ዲፈረንሻሉ ከቦታው ተንሸራቶ በረዳቱ በኩል ወለሉን አጎድጉዶ፣ የበሩን ቋሚ ከስሩ ወደ ውጭ ገፍቶታል። ብዙ አይደለም። ዓይን ካላወቀ አያየውም።

አውራጆቹ ብረቱን ጎትተው አወጡት። አለቃቸው፣ ሲስቅ ወርቅ ጥርሱ የሚታይ ሰው፣ ጎድጓዳውን አየና ቦታአለን አየ። «እኛ ምን አየን?» አለ፤ ዓይኑንም ጠቀሰው። በደግነት ነው ያለው። ቦታአለን ያሳፈረውም ደግነቱ ነው። ሌባ ተብሎ ቢሰደብ ይሻለው ነበር፤ የሌባ ጓደኛ ተደርጎ መታየት ግን አጥንት ይገባል።

በሩን ሞከረው። በትከሻው ሲገፋው ተዘጋ። መዳፉን አሳረፈበት፤ ጠቅታዋ የለችም። ተዘጋ እኮ ብሎ ለራሱ ነገረው። ከመደዳው የላስቲክ ምንጣፍ ገዝቶ በልኩ ቆረጠ፤ ጎድጓዳው ላይ አነጠፈ፤ ጠርዙን በማስቲሽ አጣበቀው። ጋሼ መጥተው ምንጣፉን ሲያዩ «ይሄንንም አሰብክልኝ?» አሉ። ቦታአለ ጫማውን አየ።

ጋቢናውን የገጠመው አጭርና ጠንካራ ስለሆነ «ብሎን» የሚሉት መካኒክ ነው። ብሎን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ ከማወቁ ደግሞ ችኮላው ይብሳል። ጋቢናው መኪናውን ከስር በሚሸከመው ብረት፣ ሻንሲው ላይ ተቀምጦ አራት እግሩ ሲታሰር በረዳቱ በኩል ያለው በር ከነጭራሹ አልዘጋ አለ። ቢገፉት ይመለሳል። ብሎን አጎንብሶ ከስር አየ፣ ተነስቶ እጁን ጠረገ። የተገለበጠ መኪና ነው፤ ሻንሲው ተጣሟል፤ ጋቢናው የተጣመመ ነገር ላይ ተቀምጦ እንዴት ቀጥ ይበል አለ።

ጋሼ እጃቸውን ሻንሲው ላይ አሳረፉ፤ የታመመ ከብት እንደሚዳብስ ሰው። «እኔ ነኝ እንግዲህ» አሉ። «ጋቢናውስ ንጹሕ ነው። ጉድለቱ የእኔው ነው።»

ያኔ ቦታአለ አፉን ከፍቶ ነበር። በእውነት ከፍቶ ነበር። ጋሼ ግን ዞረው ትከሻውን ያዙና «አንተማ የድርሻህን አድርገሃል» አሉት። አፉ ተመልሶ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ለመክፈት ይበልጥ የሚከብድ አፍ ሆነ።

ጋሼ በሩን በገመድ አሰሩት። ገመዱም ያው ከጭነቱ የተረፈው የቦታአለ አዲስ ገመድ ነበር። እንግዳ ሲሳፈር ጋሼ በሹፌሩ በኩል ይወርዳሉ፤ በሩን ይዘው ይቆማሉ፤ እንግዳው መሪውን አልፎ ወደ ማዶው ወንበር እየተንፏቀቀ ይሻገራል፤ ከዚያ እሳቸው ይወጣሉ። ለተሳፈረው ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃሉ፤ «መኪናዋን የሰበርኳት እኔ ነኝ» ይላሉ። ቀጥለውም «ጋቢናውን ግን የእህቴ ባል በነጻ አመጣልኝ፤ ከድንበር ማዶ፣ በነጻ!» ይላሉ። በየማደያው፣ በየሚዛኑ፣ በየሻይ ቤቱ ይህን አወሩ። ሰዎች ከማያውቀው ከተማ ሁሉ ቦታአለን ፈልገው መጡ። «ለሚስትህ ወንድም በነጻ ያመጣኸው አንተ ነህ?» እያሉ። ስድብ ሰው ይለምደዋል፤ ያልተገባ ምስጋና ግን አይለመድም፤ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ነው የሚያቃጥለው።

ቤቱም አላረፈ። ሚስቱ ልብስ እያጠፈች፣ ወንድሟ ሰው ፊት ቀና ብሎ ሲያወራ የምታየው ስለ እሱ ሲያወራ ብቻ እንደሆነ ነገረችው። «ሌላውን ሁሉ መሬት እያየ ነው የሚያወራው» አለች። ቦታአለ እንቅልፍ እንደመጣበት ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ገና ፀሐይ እንኳ አልገባችም ነበር።

እንዲህ እንዲህ ሲል ወራት ሄዱ። የጭነት ባለቤቶች በገመድ የታሰረ በር ሲያዩ፣ ሻንሲው የተጣመመ መኪና ነው ሲባሉም፣ ደህና ጭነት ለጋሼ መስጠት ተዉ። ጋሼ ባዶ የዕቃ ካርቶን፣ አሮጌ ፍራሽ፣ የመሳሰለውን እያመላለሱ ሰነበቱ። አንድ ቀን የቦታአለ ሚስት ከወንድሟ ቤት ስትመለስ ደስ ብሏት ነበር። ብሎን ሻንሲ የሚያቀና ሰው አግኝቷል፤ በጋዝ እሳት አግሎ በክሪክ ይስበዋል፤ ነገ ጠዋት ይጀምራሉ፤ ጋሼ ለዚህ ሲሉ የቤት ዕቃ ሸጠዋል አለች።

ቦታአለ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሻንሲ የመኪና የጀርባ አጥንት ነው። እሳት የነካው ሻንሲ ቀለም ይቀባ እንጂ እንደ ድሮው ጭነት አይችልም፤ ይህን ግቢው ውስጥ የማያውቅ የለም። የተጣመመ ከሆነ ቢያንስ ምክንያት አለ። ያልተጣመመውን አግለው ከሳቡት ግን የጋሼ መኪና አበቃላት፤ ጋሼም ከመኪናዋ ጋር።

መናገር አለበት። ግን ሰው ልማዱን አይተውም። ዕድሜ ልኩን ከባድ ነገር በሰው መኪና ክፍተት ውስጥ ሸጉጦ ሲያሻግር የኖረ ነውና፣ ይህንንም የሚሸጉጥበት ቦታ ፈለገ።

መጀመሪያ ሚስቱን ሞከረ። እንደ ቀልድ አድርጎ፣ ምናልባት ጋቢናው ራሱ ቢሆንስ የተጣመመው አላት። ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። «አንተ ያመጣኸው ጋቢና? ሰው ይሰማሃል፤ ራስህን አታዋርድ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከዚያ ወጥቶ የአውራጆቹን አለቃ ግቢው በር ላይ አገኘው። አንተ ያየኸውን አንተ ንገራቸው፣ እኔ እንዳልኩህ ሳትል፣ ብሎ ለመነው። አለቃው ወርቅ ጥርሱን አሳየ፤ ግን አልሳቀም። «ቦታአለ፣ ይሄን ጭነት እኔ አልሸከምም» አለ። «ጀርባዬን ያመኛል።»

ጠዋት ጋራዡ ሲደርስ የጋዝ ሲሊንደሮቹ ቆመዋል። ሻንሲ የሚያቀናው ሰው ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ቱቦውን ይፈታታል። ጋቢናው ተነስቶ ጎን ላይ ተቀምጧል። ጋሼ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እጆቻቸውን ጉልበቶቻቸው መሃል አድርገዋል፤ የሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ እንደሚጠብቅ ሰው።

ቦታአለ አንድ ርካሽ መንገድ ቀርቶለት ነበር። ብሎንን ጠጋ ብሎ፣ ከእሳቱ በፊት በሲባጎ ቢለካ ምን ይጎዳል አለው። ከፊተኛው ግራ ማዕዘን ወደ ኋለኛው ቀኝ፣ ከዚያ በተቃራኒው፤ ሻንሲው ከተጣመመ ሁለቱ አይገጥሙም።

«ዛሬ ደግሞ መካኒክ ሆንክ?» አለው ብሎን። «ቦታ አለ ብለህ እኔ ሥራ ውስጥም ልትገባ ነው?»

ሻንሲ የሚያቀናው ሰው ሳቀ። ጋሼ ግን ቀና አሉና ይለካ አሉ። ብሎን እያጉረመረመ ሲባጎ አወጣ። አንዱን ጫፍ ቦታአለ ያዘ። ሳቡት፣ ቋጠሮ አሰሩበት፣ ወደ ተቃራኒው አዞሩት። ቋጠሮው ማዕዘኑ ላይ ልክ አረፈ። ብሎን አላመነም፤ ራሱ ጫፉን ይዞ ደገመው። እንደገና ልክ አረፈ። ጎኑን ለካ፣ ከፍታውን ለካ። ከዚያ ተረከዙ ላይ ቁጢጥ ብሎ ጭንቅላቱን አከከ።

«ቀጥ ያለ ነው ጋሼ» አለ። «በዓይኔ ፈርጄ ነው። ይማሩኝ።»

ጋሼ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ አዩት፣ መልሰው አደረጉት። «እንግዲያው እኔ አልሰበርኳትም» አሉ፤ ለማንም አይደለም የሚሉት። ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ትከሻቸውም ከስንት ወር በኋላ ከፍ አለ።

ቦታአለ ተነፈሰ። ጭነቱ ሳይፈተሽ ኬላውን ያለፈ መሰለው። ትንሽ ልቡን ደስ እንኳ አለው፤ በኋላ ሁሉ ጊዜ ከሌላው ነገር ይበልጥ ያሳፈረው ይቺ ደስታ ናት።

ጋሼ ተነስተው ወደ ጋቢናው ሄዱ። የታሰረውን በር ፈትተው ከፍተው ዘጉት፤ ከፍተው ዘጉት። «የተጣመመው ይሄ ነዋ» አሉ። «ያ ሽማግሌ ነዋ የሸጠብን። መስታወት መርቆ!» ቁጣ አያውቁም ነበር፤ አሁን ግን ፊታቸው ጠቆረ። ስንት ወር ራሴን ስበላ፣ ልጆቼ ፊት አንገቴን ስደፋ አሉ። የሰውየውን ስልክ ስጠኝ አሉት። ስልካቸውን አውጥተው ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አድርገው ጠበቁ።

ቦታአለ ያን መዳፍ በሐሳቡ አየው፤ ቆርቆሮው ላይ ያረፈውን፣ ዓይኑን የጨፈነውን ሽማግሌ።

«አይደውሉ ጋሼ።»

«ለምን?»

«ሲገዛ ቀጥ ያለ ነበር። በሩን ዘግቼ አይቻለሁ።»

ጋሼ ስልኩን ዝቅ አደረጉ። አዩት። የዚህ መንገድ ሰው ናቸውና ብዙ አላስፈለጋቸውም። ወደ ጋቢናው ዞረው የምንጣፉን ጠርዝ ያዙና ሳቡት። ማስቲሹ እየተላጠ ተነሳ። ጎድጓዳው ከስሩ ወጣ፤ የግሪሱ ምልክት እንኳ ገና አልደረቀም ነበር።

«ሆዱ ውስጥ ምን ነበር?»

«ዲፈረንሻል።»

«የማን?»

«የጠጠር ነጋዴው።»

«ኪራዩን የከፈለው እሱ ነዋ።»

«አዎ ጋሼ።»

ብሎን ድንገት የጠፋበት ቁልፍ ያለ ይመስል ዞሮ ሳጥኑን መበርበር ጀመረ። ሻንሲ የሚያቀናው ሰው ቱቦውን ቀስ እያለ ጠቀለለ። ጋሼ ምንጣፉን እንደያዙ ቆመው ነበር።

«ብትጠይቀኝ እምቢ እል ነበር?» አሉ። ድምፃቸው አልጮኸም። «ጋሼ፣ ሆዱን ይስጡኝ፣ ብረት ልጫንበት ብትለኝ እሺ ነበር የምለው። ያኔ ቢጣመም ሁለታችን ነበርን ያጣመምነው።»

ቦታአለ ሌላ ጋቢና አመጣለሁ አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱ ሰማውና አፈረበት። ብሎን ጀርባውን እንደሰጠ፣ ቋሚውን ያለ እሳት በክሪክ መመለስ እንደሚቻል፣ በሩም እንደሚዘጋ፣ እንደ ጥንቱ እንደማይሆን ግን ተናገረ። ጋሼ ሌላ ቀን አሉት። ጋቢናው ተመልሶ ሻንሲው ላይ ተቀመጠ፤ እግሮቹ ታሰሩ፤ በሩም እንደገና በገመዱ ታሰረ። ምንጣፉን ጋሼ ራሳቸው መልሰው አነጠፉት፤ ጠርዙ ግን አልተጣበቀም።

ቦታአለ በእግሩ ሊሄድ ፈልጎ ነበር። እንዴት ልሂድ እንደሚል ግን አላወቀም። ጋሼ የሹፌሩን በር ከፍተው ይዘው ቆሙ።

«ና ላድርስህ» አሉ።

እንደ ማንኛውም እንግዳ ቆመው ጠበቁት። እሱም እንደ ማንኛውም እንግዳ መሪውን አልፎ እየተንፏቀቀ ተሻገረ፤ ከገመዱ አጠገብ ተቀመጠ። የግቢው በር ላይ ሲደርሱ ዘበኛው፣ የሁልጊዜውን ወሬ ፈልጎ ይመስለኛል፣ መስኮቱን ይዞ፣ ጋቢናዋ አሁንም እንደ አዲስ ናት፣ ማን ነበር ያመጣልዎ አላቸው።

ጋሼ ፊት ለፊት መንገዱን አዩ። ቦታአለ «የእህቴ ባል» የምትለዋን ቃል ጠበቀ፤ «በነጻ» የምትለዋንም ጠበቀ። ስንት ወር ያቃጠሉት ቃሎች፣ አሁን ቢሰማቸው ብሎ ተመኘ።

«ዘመድ ነው ያመጣልኝ» አሉ ጋሼ። ማርሽ አስገብተው ነዱ።

ቦታአለ በቀኝ እጁ የበሩን ገመድ ያዘ። ቋጠሮው ጠንካራ ነው፤ መያዝ አያስፈልገውም። እሱ ግን ቤቱ በር እስኪደርስ ድረስ አለቀቀውም።